ፍራሾቹ ይውጡልን፦ ከእንግሊዝኛ መምህራን ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት እና ለሴኔቱ አባላት

ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ከመጪው ዓመት ጀምሮ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ስለተላለፈው ውሳኔ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፤

ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ውሳኔውን የነገረን ሜትር የያዘ ሰው ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች የትምህርት ክፍላችንን የንባብ ክፍል ከፍተው ገቡ። አንዱ ሜትር ይዘረጋል፤ ሌላው ቁጥሩን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ውስጥ ቁጭ ብሎ ፈተና የሚያርም ባልደረባችን «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አላቸው። «ፋይናንስ ሊገባበት ነው። መደርደሪያዎቹን መቼ ታነሱልናላችሁ?» አሉት። «የእኛ ክፍል እኮ ነው» አለ። «ነበር» አለው ሜትር የያዘው።

ደብዳቤው የደረሰን በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ገጽ ነው፤ ቁጥርም ማኅተምም አለው። ትምህርት ክፍሉ ከ2018 ጀምሮ አዲስ ተማሪ አይቀበልም፤ ያሉት ተማሪዎች እስኪጨርሱ ይቆያል፤ መምህራኑ በጋራ ኮርሶች አስተባባሪ ሥር ይሆናሉ ይላል። ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ተቀምጧል፦ «የተማሪ ቁጥር ማነስ»። ጉዳዩ ሲታይ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን አልተጠራም። ሪፖርት አልተጠየቅንም። ደብዳቤው ላይ አንድ የሰዋስው ስሕተትም አለ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

እኛ አሥራ አንድ መምህራን ነን። ሁለቱ ለትምህርት ወጥተዋል። የቀረነው ዘጠኝ ሰዎች ተሰብስበን ይህን ጽፈናል። በግልጽ የጻፍነው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባናቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንነጋገርበት።

የተማሪ ቁጥር ማነሱ እውነት ነው፤ አንክድም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉን ልጆች ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም አንድ ሚኒባስ ውስጥ ቢገቡ ረዳቱ «ሦስት ሰው የቀረው!» እያለ መጣራቱን አይተውም። ግን ቁጥሩ እንዲህ የሆነው እንዴት ነው? በ2001 አካባቢ 70 በ30 የሚባለው የተማሪ አመዳደብ መጣ። ከመቶው ሰባ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። እኛ የሠላሳው ቁራሽ ቁራሽ ነበርን። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። የ2014ቱ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህ ያስራበው እኛን ብቻ አይደለም። ግቢው ውስጥ ስንት ዶርም ተቆልፎ እንደሚውል እናንተም ታውቃላችሁ። የታመመው ቤቱ በሙሉ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ለእኛ ብቻ ታዘዘ። መድኃኒቱም መቁረጥ ሆነ።

ሌላም አለ። አንደኛ ዓመት የጨረሱ ልጆች ትምህርት ክፍል ከመምረጣቸው በፊት በትልቁ አዳራሽ ገለጻ ይደረግላቸዋል። አምና ተራችን ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። አዳራሹ ከተማሪዎች ምግብ ቤት ጎን ነው። ልጁ በጆሮው እኛን እየሰማ በአፍንጫው ወጥ ያሸታል። መድረክ መሪው ጭራሽ «እንግሊዝኛ ያው እንግሊዝኛ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ» አለን። አራት ደቂቃ ተናግረን ወረድን። በዚያ ቀን ዘጠኝ ልጅ ማግኘታችን ራሱ ተአምር ነው።

ከሁሉም የሚቆጨን ግን ደብዳቤው የቆጠረው «የእናንተ» የተባሉትን ልጆች ብቻ መሆኑ ነው። የምናስተምራቸውን አልቆጠረም። ከ2012 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ፣ በሁለተኛው ሌላ አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል። እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት ናቸው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሪሚዲያል፣ ማለትም በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ላላመጡ ልጆች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት መጣ። የሪሚዲያል ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስም ይሁን የማኅበራዊ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ ሳይማር አያልፍም። ስለዚህ እዚህ ግቢ የገባ ልጅ፣ ወደፊት ነርስም ይሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ በእኛ እጅ ያልፋል። በመዝገባችሁ አነስተኛ ተማሪ ያለው ትምህርት ክፍል፣ በሥራ ሲታይ ከሁሉም ብዙ ተማሪ ያለው ነው።

«ታዲያ በጋራ ኮርስ ሥር ሆናችሁ አስተምሩ፤ ምን ተነካባችሁ?» የሚል ይኖራል። ብሎናልም። የተነካው ይህ ነው። ትምህርት ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ይቀርጻል፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይከፍታል፤ መምህር ያሳድጋል፤ መጽሐፍ ያስገዛል፤ ሴኔት ላይ ድምፅ አለው። አስተባባሪ ያለው ፕሮግራም ያወጣና ክፍል ይመድባል። በቃ። ዛሬ ረዳት ምሩቅ ሆኖ የተቀጠረ ልጅ፣ ሥነ ጽሑፍ የማያስተምርበት፣ የራሱን ተማሪ የማያማክርበት ቤት ውስጥ ምን ብሎ ይቆያል? ቪዛ ወይም ኤንጂኦ ይፈልጋል። ከዚያ ዞራችሁ «የእንግሊዝኛ መምህር ጠፋ» ትላላችሁ።

ወደ ክፍሉ እንግባ።

አንዷ ባልደረባችን ባለፈው ሴሚስተር አራት ሴክሽን ይዛ ነበር። በአንዱ ሴክሽን 70 ተማሪ። በጠቅላላው 280 ልጅ። የኮርሱ ስም «የተግባቦት እንግሊዝኛ» ነው። ልጁ እንዲጽፍ፣ እንዲናገር፣ እንዲያዳምጥ ነው የታሰበው። አንድ ቅዳሜ ካልኩሌተር አወጣች። ሁሉንም አንድ አንድ ገጽ ብታስጽፍና ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ብትሰጥ፣ እርማቱ 46 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ጽፎ ደግሞ መጻፍ የለመደ የለም። ንግግርስ? የሃምሳ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሰባ ሲካፈል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ያውም ስም ሳይጠራ፣ መምህሯ ትንፋሽ ሳትወስድ።

ስለዚህ ምን እናደርጋለን? እውነቱን እንናገር። ምርጫ እናወጣለን። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ልጁ መናገርን በማክበብ ይማራል። ዋና የሚማረው ሰው ውሃ ውስጥ ሳይገባ «ውሃ እርጥብ ነው፦ እውነት ወይም ሐሰት» ተብሎ ተፈትኖ እንደሚያልፍ ማለት ነው። እናፍርበታለን። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ደግሞ ባናነሳው ይሻላል፤ ያለፈው ሴሚስተር ገና አልተከፈለም። አንሥተነዋል ለካ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያገባችሁ በአንድ ልጅ እናሳያችሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ የአካውንቲንግ ተመራቂ ቢሮአችን መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። ግቢው ባዘጋጀው የመውጫ ፈተና ሞዴል 47 አምጥቷል። ማለፊያው 50 ነው። «ቲቸር፣ ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደወደቅኩ አላውቅም» አለ። ፈተናውን ይዞት ነበር። ከእኛ አንዱ ጥያቄዎቹን በአማርኛ እያደረገ በቃል ጠየቀው። ልጁ ያለማቅማማት መለሰ። ከተሳሳታቸው የመጀመሪያ አሥር ጥያቄዎች ሰባቱን በአማርኛ አገኛቸው። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግተው አብረው አዩት። «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ ኤክሴፕት» ይላል ጥያቄው። ልጁ «ኤክሴፕት» የምትለዋን ዘሏታል። «የማይካተተው የቱ ነው?» ሲባል የሚካተተውን ይመርጣል። ሌላኛው ጥያቄ ላይ «አንለስ» የምትል ቃል ነበረች፤ «ካልሆነ በቀር» ማለት ነው። እሷንም እንደሌለች ቆጥሯታል። አራት ዓመት የተማረው ሒሳብ በሁለት ትንንሽ ቃላት ተበላ።

ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ እየመጣ አብረውት ሠሩ። መምህሩን ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም። ልጁ አለፈ። ትምህርት ክፍሉ ግን የመውጫ ፈተና የማሳለፍ ምጣኔው ከፍ በማለቱ በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ተመሰገነ። የትኛው ትምህርት ክፍል? አካውንቲንግ። እንኳን ደስ አላቸው፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን የሚያስተምር አላችሁ። ጥያቄውን ማንበብ የሚያስተምረውን ነው የምትዘጉት።

እንግዲህ ወደ ፍራሾቹ።

ትምህርት ሚኒስቴር ለዓመታት ሲያስኬደው በቆየው የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ፕሮግራም መሠረት፣ በየዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ተቋቁሟል። እኛም ጋ አለ። በሩ ላይ ስሙ ተለጥፏል። ውስጡ ኮምፒውተር፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ የእንግሊዝኛ ታሪኮች የተደረደሩበት ቁም ሣጥን ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማታ ማታ ልጆች ይሰለፉበት ነበር። የጥበቃ ሠራተኞች ሳይቀሩ እየመጡ «እኛንም ትንሽ ቃል አስተምሩን» ይሉን ነበር። አንደኛው ጋሼ ዛሬ ድረስ ጠዋት በር ላይ በእንግሊዝኛ ነው ሰላም የሚለን።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ግቢ መምጣት ሲጀምሩ ፍራሽ ተገዛ። ፍራሹ ማደሪያ ፈለገ። የማዕከሉ ቁልፍ «ለአንድ ሳምንት» ተብሎ ተወሰደ። ፈተናው ላይ ቅሬታ የለንም፤ እኛም ፈታኝ ሆነን ቆመናል። ግን ያ ሳምንት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሰኔ አንዳችን የማዳመጫዎቹን ሁኔታ ለማየት በስንት ልመና ቁልፉን አገኘ። በሩ ግማሽ ያህል ተከፈተና ቆመ፤ ከኋላው ፍራሽ አለ። በጎን ተሽሎክሉኮ ገባ። ፍራሹ እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል። ኮምፒውተሮቹ ከሥር ናቸው። የማዳመጫዎቹን ስፖንጅ አይጥ ጨርሶታል፤ የቀረው ሽቦው ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ አሁንም «እባክዎ በዝግታ ያንብቡ» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለ። ያሉት ፍራሾች ናቸው፤ በዝግታ ተኝተዋል።

አሁን ደግሞ የንባብ ክፍሉ ለፋይናንስ። መጽሐፎቹን የት እንውሰዳቸው? ፍራሾቹ ላይ?

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ትንሽ ያሳፍራል፤ ሆኖም እንናገረው። «ዐይን ጣል አድርግባት» ስለሚባለው ሥራ ነው።

እዚህ ግቢ እንግሊዝኛ ማስተማር ማለት የሁሉም ሰው ቀላጤ መሆን ነው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ ይመጣል፤ ወደ እኛ። የእንግዳ አቀባበል ንግግር፤ ወደ እኛ። የምርቃት ቀን መድረክ መምራት፤ ወደ እኛ። የሌላ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ጽሑፍ «ላንጉዌጁን ብቻ» ተብሎ ይመጣል። አምጪው ሁልጊዜ በር ላይ እንደቆመ ነው የሚናገረው፤ አይቀመጥም። ከተቀመጠ ሥራው ብዙ እንደሆነ ይታወቅበታል። «አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም፤ ዐይን ጣል አድርግባት» ይላል። ያቺ «ዐይን የምትጣልባት» አንድ ጊዜ 84 ገጽ ሆና ተገኝታለች። ዐይናችንን እንደጣልን አላነሣነውም። ይህ ሁሉ በሥራ ሰዓት አይቆጠርም፤ በአፈጻጸም ምዘናም ነጥብ የለውም። እንዲያውም አምና ምዘና ላይ «ማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚለው ረድፍ ዜሮ የተሰጠው ባልደረባችን፣ ያንኑ የምዘና ቅጽ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሰው ነው።

የሚያስቀው ደግሞ፣ መጠየቅ በሚገባችሁ ጊዜ አትጠይቁንም። አዲሱ የተማሪዎች ምግብ ቤት በር ላይ ያለውን ትልቅ ሰሌዳ አይታችሁት ይሆናል። «ዳይኒንግ» ለማለት ተፈልጎ፣ «ኤን» የምትባለው ፊደል አላግባብ ተደግማ «ዲኒንግ» ሆኗል። ትርጉሙም የሚያደነቁር ጩኸት ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ላየው ሰው ትክክል የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ግን በብረት ተቆርጦ፣ ተቀብቶ፣ በክሬን የተሰቀለ ነገር ነው። ከመቆረጡ በፊት አንድ ስልክ ቢደወልልን በነጻ እንነግራችሁ ነበር። ተማሪዎቻችን ፎቶ እያነሱት «ቲቸር፣ ይቺ እርማት ስንት ማርክ አላት?» ብለው ሙድ ይይዙብናል።

ምርምርን በሚመለከት ብዙ አንልም። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ትኩረት መስኮች ግብርና፣ ጤና፣ ውሃ፣ ቴክኖሎጂ ናቸው። ጥሩ ናቸው። አንዳችን ግን ይህን ልጠና ብሎ አመለከተ። በአገራችን ልጅ እንደየክልሉ እስከ 6ኛ ወይም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። እስከ 8ኛ በቋንቋው የተማረው፣ 9ኛ ላይ ሲደርስ ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዙሪያችን ባሉ አራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በዚያ የመጀመሪያ ወር ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ማየት ነበር የፈለገው። የጠየቀው ገንዘብ የትራንስፖርትና የወረቀት ነው። «ከትኩረት መስክ ውጭ» የሚል መልስ ተጻፈለት። እነዚያ ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ ወደዚህ የሚመጡት፣ የሪሚዲያል ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት፣ «ኤክሴፕት»ን ዘልለው የሚወድቁት ናቸው። ከዚህ የበለጠ መስካችን የቱ ነው?

ደግሞም እኛ ሰዋስው ብቻ አይደለንም። ማን እንደሆንን የምታውቁ አይመስለንም፤ ስለዚህ ትንሽ እናስተዋውቃችሁ። አንዷ በዙሪያ ቀበሌዎች የአልቃሽ እናቶችን ሙሾ በስልኳ ትቀዳለች። ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። «አንጀቴ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ሁለት ወር ቆማለች፤ ቃል በቃል ብትገለብጣት የሐኪም ቤት ወሬ ትሆንባታለችና። ሌላው በከተማችን ዋና መንገድ ላይ ያሉ የሱቅ ማስታወቂያዎችን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቷል፤ የቱ ቋንቋ ከላይ እንደሚጻፍ፣ የቱ ከታች፣ ለምን እንደሆነ ባለ ሱቆቹን እየጠየቀ ነው። ሦስተኛው የድራማ ክበብ አለው። አምና ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን ቴአትር በአሮጌው ካፌ አሳዩ። መጋረጃው የዶርም አንሶላ ነበር። የንጉሡ ዘውድ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር፤ በላቡ ረጥቦ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ግንባሩ ላይ ወረደበት። ካፌው ግጥም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከአስተዳደሩ የመጣ ሰው አልነበረም፤ መጋበዣው ግን ለሁላችሁም ደርሷል።

እነዚህ ነገሮች «በጋራ ኮርሶች አስተባባሪ ሥር» የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሚገቡ አልገባንም።

የራሳችንን ጥፋትም መሸፈን አንፈልግም። ከእኛ ውስጥ የዛሬ አሥር ዓመት ያዘጋጀውን ሀንድአውት፣ ቀኑን እንኳ ሳይቀይር፣ የሚያድል አለ። ሪሚዲያል ክፍል ላይ የሚቀር፣ ወይም ገብቶ ሃያ ደቂቃ አስተምሮ የሚወጣ አለ። ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲሳሳት በሰው ፊት የሚስቅበትም አለ፤ ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እነዚህን በትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ በስም አንሥተናል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ስለዚህ ልትወቅሱን ብትመጡ በሩ ክፍት ነው። ወንበር ግን ይዛችሁ ኑ፤ ንብረት ክፍል የወሰዳቸው ስድስት ወንበሮች አልተመለሱም።

በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሏል። ይህ መሆን ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ትልቅ ክርክር ነው። እኛም ቡና ስንጠጣ እንከራከርበታለን፤ ሁለት ሁለት ቦታ ተከፍለን። ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ ነገ ጠዋት ክፍል ይገባል፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ውሳኔው ይታገድልን። ለዘላለም አላልንም። ትምህርት ክፍላችን ሴኔት ፊት ቀርቦ እስኪሰማ ድረስ ብቻ። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃናል፤ ከምሳ በፊት ከሆነ።

የተማሪ ቁጥር ሲቆጠር የምናስተምረው ሁሉ ይቆጠር። የአንደኛ ዓመትና የሪሚዲያል ተማሪዎች በሪፖርቱ ላይ በስማችን ይግቡ።

የአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ክፍል ከ40 ተማሪ አይብለጥ። መምህር አይበቃም ከተባለ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሴክሽኑ ለሁለት ይከፈልና ልጆቹ ይጽፉ፣ ይናገሩ። ፕሮግራሙን እኛ እናወጣለን፤ ረቂቁ ተዘጋጅቷል።

የማሻሻያ ማዕከሉ ቁልፍ መስከረም ሳይጠባ ይመለስልን። ፍራሾቹ ይውጡ። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለው አሮጌ መጋዘን ባዶ መሆኑን አይተናል። ለማውጣት ሠራተኛ ከጠፋ እኛ ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ቅዳሜ እንመጣለን። የተበሉት ማዳመጫዎች ይተኩልን። የንባብ ክፍሉም ባለበት ይቆይ። ለፋይናንስ ሌላ ቦታ መጠቆም እንችላለን፤ እኛም ደመወዝ የምንቀበለው ከእነሱ ነውና እንዲከፋቸው አንፈልግም።

የትርጉምና የእርማት ሥራ በቅጽ ይጠየቅ፣ በሰዓት ይመዝገብ፣ በምዘና ይቆጠር። «ዐይን ጣል አድርግባት» የሚባለው አሠራር ይቁም። በዩኒቨርሲቲው ስም በእንግሊዝኛ የሚታተም፣ የሚቀረጽ ወይም የሚሰቀል ማንኛውም ጽሑፍ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ቀን ይታየን። የምግብ ቤቱን ሰሌዳ ለማስተካከል አንዷን ፊደል መፍጨት ይበቃል፤ ግሩም ብየዳ የሚችሉ ልጆች ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ውስጥ አሉ።

የቋንቋና የትምህርት ምርምር ከትኩረት መስኮች አንዱ ይሁን። የ9ኛ ክፍሉ ጥናት ጥያቄ እንደገና ይታይ። ያልተከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚከፈልበት ቀን ይነገረን።

መልሱን የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍነው ሆን ብለን ነው። በእንግሊዝኛ ብንጽፈው «እስኪ ዐይን ጣል አድርጉባት» ተብሎ ወደ እኛው ይመራ ነበር።

ከሰላምታ ጋር

የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መምህራን

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ
ለመምህራን ማኅበር
ለሬጅስትራር
ለንብረት ክፍል (ስለ ፍራሾቹና ስለ ስድስቱ ወንበሮች)